የሁለተኛዋ ልጅ እንቁላል፦ የአንድ የኮሪያ የቤተሰብ ድራማ ክፍል በአድናቂ ዓይን



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ነው። ድራማው በአማርኛ «መልስልኝ 1988» ልንለው የምንችለው፣ በደቡብ ኮሪያው ቲቪኤን የኬብል ጣቢያ ከኖቬምበር 2015 እስከ ጃንዋሪ 2016 በ20 ክፍሎች የተላለፈው የቤተሰብ ታሪክ ነው። ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር በንግግሬ ውስጥ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዳይሬክተሩ ሺን ዎንሆ እና ጸሐፊዋ ኢ ኡጀንግ ቀደም ሲል 1997ን እና 1994ን የሚያስታውሱ ሁለት ተመሳሳይ ድራማዎችን ሠርተዋል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። በዚህኛው ግን ዓይናቸውን ከወጣቶች ፍቅር ብቻ አንሥተው ወደ ቤተሰቡ ማዕድ መልሰውታል። የመረጥሁት የመጀመሪያውን ክፍል ሲሆን፣ ርእሱ «እጅ ለእጅ ተያይዘን» የሚል ትርጉም አለው። ርእሱ ከሴኡል ኦሎምፒክ መዝሙር የተወሰደ ነው።

የማስተምረው ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ክፍል የተመለከትሁት ግን ማስታወሻ ይዤ አይደለም። እንደ ማንኛውም የድራማው አድናቂ፣ ከሥራ በኋላ፣ በግርጌ ጽሑፍ እየታገዝሁ ነው። ክፍሉ ሲያበቃ በውስጤ ሁለት ስሜቶች በአንድ ጊዜ ነበሩ፦ እንባና ተቃውሞ። አንዱ ሌላውን አላሸነፈም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው እነዚህ ሁለት ስሜቶች ከየት እንደ መጡ፣ አብረው መኖራቸውም ስለ ድራማው ምን እንደሚነግረን ነው።

የአድናቂን ስሜት የጥናት ጉዳይ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። ኢየን አንግ በኔዘርላንድስ «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ስለሚመለከቱ ሰዎች ሲያጠኑ፣ በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አውጥተው 42 ደብዳቤዎች ደረሷቸው። መጽሐፋቸው በ1982 በደች፣ በ1985 በእንግሊዝኛ ታተመ። ከደብዳቤዎቹ የተረዱት አንድ ትልቅ ነገር ነበር፦ ተመልካቾቹ የቴክሳስን የነዳጅ ከበርቴዎች ኑሮ እውነተኛ የሚሉት ቤታቸውና መኪናቸው የራሳቸውን ስለሚመስል አልነበረም፤ ቅናቱ፣ ፍርሃቱና የቤተሰብ ጭቅጭቁ የራሳቸው ስለ ነበረ ነው። አንግ ይህን የስሜት እውነታዊነት አሉት። እኔም ከዚህ ሐሳብ እነሣለሁ፤ ሆኖም አንድ ጥያቄ እጨምርበታለሁ። ስሜቱ እውነተኛ ከሆነ፣ ወዴት ነው የሚመራን? ወደ ማስተዋል ነው ወይስ ወደ መርሳት?

እስቲ ወደ ቤቱ እንግባ። ቦታው በሰሜን ሴኡል የሚገኘው ሳንግሙንዶንግ የተባለ ሠፈር ነው። በአንዲት ጠባብ መንገድ ዳርና ዳር አምስት ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዱ ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ ቤት ይኖራል። አባትየው ሰንግ ዶንግ ኢል የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን ለወዳጁ ዋስ ሆኖ ስለ ፈረመና ዕዳው በእርሱ ላይ ስለ ወደቀ፣ ደመወዙ ቤት ሳይደርስ ያልቃል። የዋስትናን ነገር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ልጆቹ ሦስት ናቸው፦ ታላቋ ቦራ፣ መካከለኛዋ ደክሰን፣ ትንሹ ኖኡል። ቦራ ብርቱ ተማሪ ናት፤ ቁጣዋም የሚፈራ ነው። ኖኡል ወንድ ነው፤ የመጨረሻም ነው። ደክሰን ግን ይህ ነው የሚባል ማዕረግ የላትም።

እናትየው ለቁርስ የምትጠብሰው እንቁላል ሁለት ነው። አንዱ ለቦራ፣ ሌላው ለኖኡል ይደርሳል፤ ደክሰን ባቄላውን ትበላለች። የተጠበሰ ዶሮ ወደ ቤት ሲገባ እግሮቹ ለሁለቱ ይሆናሉ፤ ለእርሷ ክንፉ ይቀራታል። የቦራና የደክሰን የልደት ቀን የሚራራቀው በጥቂት ቀናት ብቻ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ በየዓመቱ በአንድ ኬክ ሁለቱንም ያከብራል። ደክሰን በዚህ ዓመት ለብቻዋ እንዲከበርላት አስቀድማ ጠይቃለች። ሆኖም የቦራ ሻማ ከጠፋ በኋላ ያው ኬክ ይታደሳል፤ አንዳንዱ ሻማ ይነቀልና የቀረው ዳግም ይለኮሳል። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ትፈነዳለች። እያለቀሰች የምትዘረዝረው ክስ ታላቅ ክስ አይደለም፦ እንቁላል፣ የዶሮ እግር፣ ኬክ፣ ስም። እኅቷና ወንድሟ ያማረ ስም ሲወጣላቸው እርሷ ብቻ ለምን በዚህ በዱሮ ስም እንደምትጠራ ትጠይቃለች። እርሷም እንቁላል መብላት እንደምትችል፣ የዶሮ እግርም እንደምትወድ ትናገራለች።

ይህን ትዕይንት ለመረዳት የኮሪያን ባህል ያጠና ሰው መሆን አያስፈልግም፤ ለእኛ ደግሞ በተለይ ቅርብ ነው። ዶሮ በ12 ብልት የሚወጣበት ቤት ያደገ ሰው፣ ብልት ሁሉ ደረጃ እንዳለው ያውቃል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ነው፤ ክንፉ በብዙ ቤት የልጆች ድርሻ ነው። ማንም ደንቡን በቃል አያስተምርም። ልጁ ቦታውን የሚያውቀው ወጡ ሲወጣለት ነው። ስለዚህ ደክሰን ስለ ክንፍ ስትናገር እኛ የምንሰማው ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ሥርዓት ነው። በክፍሉ ውስጥ የሚዘዋወረው እንቁላልም የቤቱን ሕገ መንግሥት የያዘ ሰነድ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ተቃውሞዬ ይጀምራል። ድራማው ቤተሰቡ ድሃ መሆኑን ደጋግሞ ያሳየናል፤ እኛም እናዝናለን። ሐዘናችን ግን ቶሎ ወደ ሰበብ ሊለወጥ ይችላል፦ «ምን ያድርጉ? የላቸውም እኮ!» ልብ ብለን እንመልከት። ድህነት እንቁላሉን ሁለት ያደርገዋል፤ ማን እንደሚቀርበት ግን ድህነት አይወስንም። ሁለት እንቁላል ለሦስት ልጅ በተራ ሊደርስ ይችላል፤ ሊከፈልም ይችላል። በየማለዳው የሚቀርባት ያችው አንዲት ልጅ ከሆነች፣ የምናየው እጥረትን ብቻ ሳይሆን እጥረት የሚያልፍበትን መሥመር ነው። መሥመሩም ድምፅዋ ለስላሳ፣ ፊቷ ፈገግ ያለ፣ «ባቄላ እወዳለሁ» በምትለው ልጅ ላይ ይወድቃል። የምትሸከመው ስለምትችል አይደለም፤ ስለማትጮኽ ነው።

ድራማው ይህን ነገር ሳያውቅ የሠራው አይመስለኝም፤ ለዚህ ማስረጃዬ በዚሁ ክፍል ውስጥ ያለው ሌላ ትዕይንት ነው። በእራት ሰዓት እናቶቹ ከሠሩት ምግብ እየከፈሉ ልጆቻቸውን ወደ ጎረቤት ይልካሉ። አንዱ ሳህን ይዞ ሲሄድ ሌላው ሳህን ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ በመንገዷ ላይ ይተላለፋሉ። የጎረቤትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር በሆነበት ቤት ያደጋችሁ ሁሉ በዚህ ትዕይንት ፈገግ እንደምትሉ አልጠራጠርም። ከዚያ በፊትም በኋላም ግን በአንዱ ቤት ማዕድ ላይ ሁለት እንቁላል አለ። ምግብ ከቤት ወደ ቤት በእኩልነት ይዞራል፤ በቤት ውስጥ ግን በማዕረግ ይታደላል። ለጎረቤት ያለን ደግነትና በቤታችን ያለን ፍትሕ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ዋስ ሆኖ አይቆምለትም። ድራማው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል። ማገናኘቱ የተመልካቹ ሥራ ነው።

አሁን ከማዕዱ ወደ ስታዲየሙ እንሂድ፤ የእኛም ስም የሚነሣው እዚያ ነውና። ደክሰን ለሴኡል ኦሎምፒክ መክፈቻ የአገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘው ከሚሰለፉት ወጣት ሴቶች አንዷ ሆና ተመርጣለች። የደረሳት አገር ማዳጋስካር ነው። በቤቷ ቦታ ያልተሰጣት ልጅ በዓለም ፊት ቦታ አገኘች፤ በዚህም ትኮራለች፤ ትለማመዳለች። ከዚያ ማዳጋስካር በጨዋታው እንደማትሳተፍ ይሰማል። የአገሮች ኩርፊያ ዞሮ ዞሮ በአንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ የኡጋንዳን ሰሌዳ ይዛ ትገባለች፤ ቤተሰቧም በቴሌቪዥን ያያታል።

መክፈቻው የተካሄደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1988፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 7 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ቀን ኢትዮጵያ የሚል ሰሌዳ የያዘች ልጅ አልነበረችም። አገራችን ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመተባበር ከኩባ ጋር ጨዋታውን ካቋረጡት መካከል ነበረች። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በደቡብ ኮሪያ በኩል ቆመው ሊዋጉ የሄዱባት ምድር፣ ከ37 ዓመት በኋላ ሯጮቻችንን ሳታይ ቀረች። ቃኘውን የላከው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር፤ ሯጮቹን ያስቀረው ወታደራዊው መንግሥት ነበር። የሚሄደውንም የሚቀረውንም ማንም አልጠየቀውም።

የቀረው ማን እንደ ነበር ስም ጠርቶ ማንሣት ይገባል። በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው ዓመት፣ ኤፕሪል 17 ቀን በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ክብረ ወሰኑ እስከ 1998 ድረስ አልተደፈረም። ከአምስት ወር በኋላ በሴኡል የኦሎምፒክ ማራቶን ሲሮጥ እርሱ አልነበረም። ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ካገኘበት ከ1980 በኋላ፣ ኢትዮጵያ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው ደራርቱ ቱሉ ባሸነፈችበት በ1992ቱ የባርሴሎና ጨዋታ ነው። ለአንድ ሯጭ 12 ዓመት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት፤ ሙሉ የሩጫ ዕድሜ ነው።

ይህን የማነሣው ድራማውን ወደ አገሬ ጎትቼ ለማምጣት አይደለም። ድራማው ራሱ «የማይመጣ የአፍሪካ አገር» የሚለውን ጉዳይ የታሪኩ መነሻ አድርጎታል። ለኮሪያዊ ተመልካች ያ አገር ሩቅ ስም ነው፤ የትዕይንቱም ቀልድ በከፊል ከዚያ ሩቅነት ይመነጫል። ለእኔ ግን የቀረው አገር የራሴ ሊሆን ይችል ነበር፤ በእውነትም ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ደክሰን ስታለቅስ የማየው አንዲት ልጅ ብቻ አይደለም። ታላላቆች በተጣሉ ቁጥር ድርሻው የሚቀርበትን ሰው አያለሁ። የቀዝቃዛው ጦርነት ጨዋታውን አጠበበው፤ ክንፉ የማን እንደሚሆን የወሰነው ግን በየአገሩ ማዕድ ላይ የተቀመጠው አባወራ ነው።

ወደ ክፍሉ መጨረሻ ደርሰናል። ሌሊት ነው። አባትየው በመንገዷ ላይ ቆሞ ልጁን ይጠብቃል፤ በእጁ ለእርሷ ብቻ የተገዛ ኬክ አለ። ሻማ ይለኩስላታል፤ ይቅርታም ይጠይቃታል። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዋን ልጅ እንዴት እንደሚያስተምር፣ ሁለተኛዋን እንዴት እንደሚያሳድግ አላወቀበትም፤ ማንም አባት ሆኖ አይወለድም፤ አባትነት ለእርሱም የመጀመሪያው ነው። ይህን ሲል ድምፁ የሚታዘዝለት አይመስልም። ልጅቱም ታለቅሳለች። እኔም አለቀስሁ።

ለምን አለቀስሁ? የመጀመሪያው ምክንያት የኃይል መገለባበጥ ነው። በቋንቋችን «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል ወላጅ ዐዋቂ፣ ልጅ ደፋር መሆኗ ነው የሚነገረው። ይህ አባት ግን ምጡን እንደማያውቅ በልጁ ፊት ይናገራል። ሥልጣኑን በሥልጣን አይከላከልም። «አባትሽ ነኝና» አይልም፤ «አባትነት ገና አልገባኝም» ነው የሚለው። ከወላጆቻችን ይህን የሰማን ጥቂቶች ነን። ብዙዎቻችን ይቅርታውን የተቀበልነው በሌላ መልክ ነው፦ በማግሥቱ ሳይጠየቅ በተገዛ ጫማ፣ በጉርሻ፣ «በልተሻል ወይ?» በሚል ጥያቄ። እነዚህም ይቅርታዎች ናቸው፤ አልንቃቸውም። ነገር ግን በቃል ያልተነገረ ይቅርታ የተበዳዩን ክስ በቃል አያጸድቅም። የዶንግ ኢል ቃል ትልቁ ስጦታው ኬኩ አይደለም፤ ደክሰን የዘረዘረችው ሁሉ እውነት እንደ ነበረ መመስከሩ ነው።

ታዲያ ተቃውሞዬ ለምን አልበረደም? ክፍሉ የማግሥቱን ቁርስ ስለማያሳየን ነው። ኬክ በዓመት አንዴ ነው፤ እንቁላል ግን በየማለዳው ነው። ይቅርታ ልብን ይመልሳል፤ ማዕዱን የሚመልሰው ግን የእንቁላሉ ቁጥር ወይም ተራው ሲለወጥ ነው። «ለእኔም የመጀመሪያዬ ነው» የሚለው ቃል ያለፈውን ያስረዳል፤ የወደፊቱን ግን በራሱ አያርመውም። አገላለጹ በጣም የሚያምር በመሆኑ፣ ተመልካቹ ማብራሪያውን እንደ መፍትሔ ሊቀበለው ይችላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። እንባችን ሒሳቡ የተዘጋ ያስመስለዋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት መከራከሪያዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እገምታለሁ። የመጀመሪያው «ይህ የኮሪያ ሥርዓት ነው፤ ታላቅና ወንድ ልጅ የሚቀድሙበትን ባህል ከውጭ ሆነን ልንፈርድበት አይገባም» የሚል ነው። መልሴ፣ ፈራጁ እኔ አይደለሁም፤ ክሱን ያቀረበችው ደክሰን ናት የሚል ነው። በኮሪያኛ፣ በኮሪያ ጸሐፊ ብዕር፣ በቤቷ ማዕድ ላይ ቆማ ተናግራለች። ባህል ማለት የሚያድለው እጅ ብቻ ሳይሆን «ለምን?» የሚለውም ድምፅ ነው። የትኛውንም አገር ባህል ስናጠና አዳዩን ብቻ ባህል፣ ጠያቂዋን ግን አመፀኛ ካልን፣ ጥናታችን ወገን ይዟል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይከብዳል። «ይህ የትዝታ ድራማ ነው፤ ከትዝታ ፍትሕ መጠበቅ ልክ አይደለም» የሚል ነው። በእርግጥ ታሪኩን የምትተርክልን በ2015 የምትኖረው፣ አሁን ትልቅ ሴት የሆነችው ደክሰን ናት። ድምፅዋ የሞቀ ነው፤ ይቅር ብላለች። በልጅነቷ የጮኸችውን ጩኸት እንኳ በፈገግታ ትሸፍነዋለች። በኮሪያም ብዙ ተመልካች ያገኘው በዚህ ሙቀት ነው፤ የመጨረሻው ክፍል በዘመኑ ለአገሪቱ ኬብል ቴሌቪዥን ከፍተኛ የነበረውን የተመልካች መጠን አስመዝግቧል። ያው 1988 ግን ሌላ ፊልም ነበረው። የዘጋቢ ፊልም ሠሪው ኪም ዶንግዎን በዚያው ዓመት ሳንግዬዶንግ ከተባለው የሰሜን ሴኡል ሠፈር ለከተማ ማደሻ የተፈናቀሉትን ድሆች ታሪክ በፊልም አስቀርቷል፤ በርእሱም የሠፈሩን ስም ከኦሎምፒክ ጋር አጣምሮታል። ሁለቱ ሥራዎች ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ ዓመት ይናገራሉ። አንዱ የሠፈሩን ሙቀት፣ ሌላው የሠፈሩን መፍረስ አስታወሰ። ትዝታ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን እርሱም ያድላል። ለማን እግሩን፣ ለማን ክንፉን እንደሚሰጥ ልንጠይቀው ይገባል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ኑሯችንን የሚያነሡ ድራማዎች፣ ልብ ወለዶችና ግለ ታሪኮች እየተጻፉ ነው፤ ከእናንተም መካከል የሚጽፉ አሉ። የሠፈሩን ፍቅር፣ የቡናውን ጭስ፣ አብሮ የተበላውን ማዕድ ጻፉ፤ እውነት ነውና። ስትጽፉ ግን በዚያ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡትን ቁጠሩ። ወጥ የሠራችው፣ ስታሳልፍ የቆየችው፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ማን ነበረች? ከገጠር መጥታ ቤቱን ስታገለግል ያደገችው ልጅ ልደቷ የሚታወቅ ነበር? የእናንተ ተራኪ ይቅር ቢል መብቱ ነው፤ በሌላው ስም ግን ይቅር ሊል አይችልም።

ስለ አድናቂነት የጀመርሁትን ልቋጭ። በትምህርት ቤቶቻችን አድናቂ የሚለው ቃል ሂስ የማይችል፣ ፍቅር ያሳወረው ሰው ማለት እየሆነ ነው። እኔ ግን አድናቂ በሁለት ነገር ከግዴለሽ ተመልካች ይበልጣል እላለሁ። አንደኛ፣ ደጋግሞ ያያል፤ ሁለት እንቁላል መሆኑን የሚቆጥረው እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ገጸ ባሕርያቱ ይመለከቱታል፤ ስለ እነርሱ ፍትሕ ይጠይቃል። ደክሰንን ሳልወዳት ክንፉን ባላስተዋልሁት ነበር። ፍቅሩ ቆጠራውን አመጣው፤ ቆጠራው ደግሞ ተቃውሞውን። ስለዚህ ተማሪዎቼ ስለምትወዱት ሥራ ስትጽፉ እንባችሁን ከወረቀቱ ላይ እንድትጠርጉ አልመክራችሁም። የት ቦታ ላይ እንዳነባችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያም ያ ትዕይንት ምን እንዳስረሳችሁ ፈልጉ።

አባትየው በዚያ ሌሊት መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቁ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ አባቶች፣ ብዙ መንግሥታትም፣ ኬክ ይዘው መንገድ ላይ አልቆሙም። የሰጠውን አመሰግናለሁ። እኔ አሁንም የማስበው ግን ስለ ማግሥቱ ጠዋት ነው፦ እናትየው መጥበሻውን ጥዳ፣ ሦስቱ ልጆች ተቀምጠው፣ ስንት እንቁላል እንደ ተሰበረ።